ድንኳኑን ማን ያደርቀዋል?

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ አንድ እርጥብ ነገር ፊቴ ላይ ተለጠፈ። ትንሿ ልጄ በእንቅልፍ ልቧ እጇን የጣለችብኝ መስሎኝ ገፋ አደረግሁት። ተመልሶ መጣ። እንደገና ገፋሁት፤ እንደገና መጣ። የእጅ ባትሪ ሳበራ ለካ የድንኳኑ ግድግዳ ነው። ንፋሱ ሲመጣ ይተኛብኛል፣ ሲያልፍ ይነሳል። ጥቂት ቆይቶ ከራሴ በላይ "ቀጭ" የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ግድግዳው እንደተኛ ቀረ።

አምስታችንም መኪና ውስጥ ተኮራምተን ነጋልን። ጎህ ሲቀድ ትልቋ ልጄ የወደቀውን ክምር በመስኮት አየችና፣ "ቤት ይመስላል ብላችሁ አልነበር የገዛችሁት?" አለች። መልስ የሰጣት የለም። እውነቷን ነው። ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ጣሪያው ራስ የማይነካ፣ መስኮቱ ሰፋ ያለ ነበር። ፎቶው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከድንኳኑ ፊት አንድ አባወራ ታጣፊ ወንበር ላይ ተዘርግቶ ይስቃል። እኛ ሰውየውን አይተን ገዛን እንጂ ድንኳኑን በቅጡ አላየነውም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አይደል? የእኛ የተፈታው በሦስተኛው ጉዞ ነው።

ለሁለተኛው ድንኳን ዓመት ሙሉ አሰብን። የምንፈልገው ግልጽ ነበር። በሙቀትም በብርድም፣ በዝናብም በንፋስም የምንወጣበት፣ አምስት ሰው የሚችል አንድ ትልቅ ድንኳን። "አንድ" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። በኋላ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ የተጣላሁት ከቁጥር ጋር ነው። የወደቀው ድንኳን ካርቶን ላይ "ለ6 ሰው" ይላል። እኛ አምስት ነን፣ ያውም ሦስቱ ልጆች። ይተርፈናል ብለን ነበር። ለካ ድንኳን ሠሪዎች ሰው ሲቆጥሩ ለአንድ ሰው የሚሰጡት ወርድ 60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ትከሻ ለትከሻ ተገጥግጦ፣ ማንም ሳይገላበጥ፣ ቦርሳ የሚባል ነገር እንዳልተፈጠረ ተቆጥሮ ማለት ነው። መካከለኛው ልጄ ደግሞ ሲተኛ እንደ ሰዓት ዘንግ ነው። ማታ ራሱ በበሩ በኩል ከነበረ ጠዋት እግሩን እዚያ ታገኙታላችሁ።

ስለዚህ ጠመኔ አነሳሁ። ግቢያችን ሲሚንቶ ላይ ያሰብናቸውን ድንኳኖች ወለል በትክክለኛ ልካቸው ሣልኩ። ለክቡ ድንኳን 2 ሜትር ተኩል ሲባጎ መሃል ላይ አስይዤ ዞርኩ። ልጆቹን ከነፍራሻቸው አስተኛኋቸው። ሻንጣዎቹን አስገባሁ። ባለቤቴ ምሰሶ ሆኖ መሃል ቆመ። አንድ ጎረቤት በአጥር አሻግሮ ለረጅም ጊዜ ተመለከተንና ምንም ሳይናገር ወደ ቤቱ ገባ።

ድንኳን ልትገዙ ያሰባችሁ ሰዎች ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትሠሩ ይህን ሥሩ። ጠመኔው ካርቶኑ የማይነግራችሁን ይነግራችኋል። ለምሳሌ 5 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ድንኳን ወለሉ 19.6 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ሲሰሙት አዳራሽ ይመስላል። ነገር ግን ጣሪያው ወደ ዳር ሲወርድ ዙሪያውን ግማሽ ሜትር ያህሉ ለሰው አይሆንም፤ የሻንጣና የጫማ ቦታ ነው። ያን ዳር ስትቀንሱት የሚቀረው 12.6 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ከሲሶ በላይ ሄደ! ቀጥ ያለ ግድግዳ ያለው ድንኳን ይህን ቦታ አያባክንም። በቦታ ረገድ የመጀመሪያው ድንኳናችን አልዋሸንም ነበር። የዋሸን በሌላ ነው።

ሌላው ጠመኔው ያሳየኝ ነገር አውታሩ ነው። 5 ሜትር ድንኳን ከነገመዱ ሲወጠር 8 ወይም 9 ሜትር ሜዳ ይፈልጋል። ይህን ያህል ደልዳላ መሬት ሁሉም ቦታ አይገኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ለአምስት ሰው ብዬ ከ8 ሰው በታች የሚል ድንኳን ዞር ብዬ አላይም።

ወደ ንፋሱ ልምጣ። የንፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ ደስ የሚለው አየር 60 ሲደርስ ዘጠኝ እጥፍ እየገፋ ይመጣል። ከፊቱ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰፊ ግድግዳ ካገኘ ሸራውን እንደ መርከብ ሸራ ነው የሚይዘው። "ቀጭ" ያለው ምሰሶ ፋይበርግላስ ነበር። ፋይበርግላስ ርካሽ ነው፤ ሲሰበር ግን ተሰነጣጥቆ ነው፣ ስንጣሪውም እጅ ይወጋል። አሉሚኒየም አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ይጎብጣል፤ የጎበጠ ደግሞ እስኪነጋ ያደርሳል።

ቅርጽ ሁሉ የየራሱ ጠባይ አለው። እንደ ዋሻ ረዘም ያለው ድንኳን ጠባብ ጫፉን ለንፋሱ ከሰጣችሁት ጎበዝ ነው። ንፋሱ ሌሊት አቅጣጫ ከቀየረ ግን ጎኑን ይሰጣል። ምሰሶዎቹ ደጋግመው የሚጠላለፉት ጉልላት መሰል ድንኳኖች አሉ። ኖርዝ ፌስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1975 ካወጣ ወዲህ ተራራ ወጪዎች በእነዚህ ይምላሉ። ቤተሰብ ሙሉ የሚያስቆም ትልቅ ግን በዚህ አሠራር ማግኘት ይከብዳል። በአየር የሚሞሉ ቱቦዎች ያሏቸውም አሉ። በጣም ፈጣን ናቸው። ቀን ፀሐይ ሲመታቸው ይወጠራሉ፣ ሌሊት ሲበርድ ላላ ይላሉ፤ ያንን መከታተል ያስፈልጋል። ባለቤቴ "የመኪናው ጎማ አይበቃኝም?" አለና በዚያው ታለፉ።

ክቡ ድንኳን መሃሉ ላይ አንድ ምሰሶ ብቻ ነው ያለው። ንፋሱ ከየትም ይምጣ የሚያገኘው ያው ተዳፋት ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ ጦር መኮንን የነበረው ሄንሪ ሆፕኪንስ ሲብሊ እንዲህ ያለ ሾጣጣ ድንኳን እ.ኤ.አ. በ1856 በስሙ አስመዘገበ። መነሻው የሰሜን አሜሪካ ሜዳማ አገር ነባር ሕዝቦች ድንኳን ነበር። 12 ያህል ወታደሮች እግራቸውን ወደ መሃሉ ምድጃ አድርገው ዙሪያውን ይተኙበት ነበር። የመካከለኛው ልጄ አተኛኘት ለካ ወታደራዊ ነው።

ከዚያ የጨርቁ ክርክር መጣ። ቤታችን ውስጥ ሦስት ወር የፈጀው ይሄ ነው።

ባለቤቴ የጥጥ ሸራ አለ። እኔ ፖሊስተር አልኩ። የእኔ ማስረጃ ቁጥር ነበር። ፖሊስተር ላይ ውኃ መከላከያ ቅብ ይቀባል። ከዚያ ጨርቁ ላይ የውኃ ዓምድ አቁመው ስንት ሚሊ ሜትር ሲደርስ እንደሚያንጠባጥብ ይለካሉ። 1,500 ሚሊ ሜትር የቻለ ዝናብ ቻለ ይባላል። ወለሉ ግን ከዚያ ብዙ ከፍ ማለት አለበት፤ ሰው ሲንበረከክ ጉልበቱ ወለሉን ተጭኖ ውኃውን ከታች ያስገባል። እኔ 10,000 የሚል ወለል ሳይ ልቤ ይሞቃል። ለካ ውኃ ቁጥር አያነብም። የሚገባው በስፌቱ ነው፤ በዚፑ ነው፤ ገመዱ በተሰፋበት ቦታ ነው። አሁን ድንኳን ሳይ መጀመሪያ የማደርገው ውስጡን ገልብጬ ስፌቱ ላይ የተለጠፈውን ማሸጊያ በጣቴ መከተል ነው። የተላቀቀ ካለ ቁጥሩን አላይም።

ጥጥ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ክሩ ውኃ ሲነካው ያብጣል፣ ሲያብጥ ቀዳዳውን ይደፍናል። አዲስ ሸራ በመጀመሪያው ዝናብ በስፌቱ በኩል ጠብ ጠብ ሊል ይችላል። ስለዚህ ከጉዞ በፊት ግቢ ውስጥ ተክሎ በውኃ ማራስ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ማድረቅ ነው። ንፋስ ሲመታው እንደ ፖሊስተር አይንጫጫም። ቀን ውስጡ ቀዝቀዝ ይላል። ይተነፍሳልም።

መተንፈሱ ምን ይጠቅማል? ከዚህ በፊት ፖሊስተር ውስጥ አድረን ጠዋት ከጣሪያው ጠብታ ሲወርድብን ልጆቹ "ያፈሳል!" ብለው ጮኹ። ውጭ ወጥቼ አየሁ፤ ዝናብ የሚባል የለም። የገዛ ትንፋሻችን ነው። አንድ ሰው በአንድ ሌሊት በትንፋሹና በቆዳው የሚያወጣው ውኃ ከአንድ ብርጭቆ አያንስም። በአምስት ሲባዛ ሊትር ያልፋል። ያ ሁሉ ቀዝቃዛውን ጨርቅ ሲነካ ጠብታ ይሆናል። "እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ" የሚባለው ለፖሊስተር ድንኳን ሳይሆን አይቀርም።

መድኃኒቱ ደግሞ ሰው የማይወደው ነው፤ መክፈት። ከታች አንድ፣ ከላይ አንድ መተንፈሻ ያስፈልጋል። ሞቃቱ እርጥብ አየር በላይ ይወጣል፣ ደረቁ በታች ይገባል። በብርድ ወቅት ይህን ማስረዳት ግን ከባድ ነው። እኔ እከፍታለሁ፣ ትልቋ ልጄ ትዘጋለች። ሌሊቱን በሙሉ አንድ ዚፕ ስንጎትት እናድራለን።

ስለ ብርድ ካነሳሁ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚለው ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። "የአራት ወቅት" የሚባለው ድንኳን በረዶና ንፋስ እንዲሸከም ተደርጎ የተሠራ ነው እንጂ ብርድ ልብስ አይደለም። ድንኳን አያሞቅም። እንዲያውም ትልቅ በሆነ ቁጥር በትንፋሽ የሚሞቅ አይደለም። ሙቀቱን የሚሰርቀው ከሥር ያለው መሬት ነው። ስለዚህ ለድንኳኑ ካሰብነው ገንዘብ ላይ ቀንሰን ፍራሽ ላይ ጨመርን፤ በዚህ ውሳኔ አንድም ቀን አልተጸጸትኩም። ፍራሽ ብርድን የሚከላከልበት አቅም "አር ቫልዩ" በሚባል ቁጥር ይገለጻል። ድሮ ሁሉም በየራሱ መንገድ ይለካ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የጋራ አለካክ ወጣለት። ቁጥሩ ይደመራል፤ 2 የሆነውን 3 ከሆነው ላይ ብታነጥፉት 5 ነው። ለእውነተኛ ብርድ 5ና ከዚያ በላይ እፈልጋለሁ። ከድንኳኑ ውስጥ የምትሰቀል ትንሽ የመኝታ ክፍልም ትረዳለች። ሁላችን እዚያ ስንታጨቅ አየሩ ቶሎ ለብ ይላል።

ከሰል ወይም የጋዝ ምድጃ ወደ ውስጥ ስለማስገባት የሚጠይቁኝ አሉ። አይሆንም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ሊጠፋ የተቃረበ ፍም እንኳ ይተፋዋል፤ ዚፕ ገርበብ ማድረግ አያድንም። የጥጥ ሸራ ላይ የጭስ መውጫ ያለው የእንጨት ምድጃ በአግባቡ የሚተክሉ ሰዎች አሉ። እነሱም የጋዝ ማንቂያ ደወል ሳይሰቅሉ አይተኙም። እኛ እጇ ሁሉን ነገር የሚነካ የአራት ዓመት ልጅ አለችን። ተውነው።

የድንኳኑ በረንዳ ደግሞ ማንም ሳይነግረኝ በራሴ የደረስኩበት ነው። ዝናብ ሲዘንብ አምስት ሰው ማለት አሥር ጭቃ የለበሰ ጫማና አምስት የሚንጠባጠብ ካፖርት ማለት ነው። እነዚህ የሚያርፉበት ቦታ ከሌለ መኝታው ላይ ያርፋሉ። በፀሐይ ወቅት በረንዳ ጌጥ ነው። በዝናብ ወቅት ከመኝታው እኩል ያስፈልጋል።

ክርክሩን የፈታው ግን የትኛውም መረጃ አይደለም። አንድ ጓደኛችን ባለ 5 ሜትር የጥጥ ክብ ድንኳኑን ለሳምንት መጨረሻ አዋሰን። የመጀመሪያው ምሽት ተሸነፍኩ። ዝናቡ ሸራው ላይ ሲወርድ ለስለስ ያለ ድምፅ አለው። ጠብታ የለም። መሃሉ ላይ ቀጥ ብዬ ቆሜ ሱሪ ለበስኩ፤ ይህን ደስታ ጎንበስ ብሎ ሱሪ የለበሰ ብቻ ነው የሚያውቀው። ባለቤቴ ምንም አላለም። እያየኝ ዝም ብሎ ፈገግ አለ።

እሑድ ጠዋት ዝናቡ አላቆመም። መሄድ አለብን። ድንኳኑ ደርቆ ከ30 ኪሎ በላይ ነው። ሲርስ ምን ያህል እንደሚሆን ሚዛን አላወጣሁትም፤ ወገባችን ግን አወጣው። ሁለታችን ከሁለት ጫፍ ይዘን፣ ሦስት ጊዜ አስቀምጠን፣ መኪናው ጋ አደረስነው። ከረጢቱ ውስጥ አልገባም አለ። እንደ ቋጠሮ ጠቅልለን ልጆቹ እግር ሥር አደረግነው። መኪናው ውስጥ ሽታው እርጥብ በግ ነበር።

ቤት ስንደርስ ነው እውነተኛው ጥያቄ የመጣው። እርጥብ ጥጥ ተጠቅልሎ ሁለትና ሦስት ቀን ከቆየ ሻጋታ ይይዘዋል። የሻጋታው ነጠብጣብ ደግሞ አይለቅም። የሰው ንብረት! ሰኞ እኔ ሥራ፣ እሱ ሥራ። ሸራው ግማሹ በር ላይ፣ ግማሹ ሁለት ወንበር ላይ ተዘርግቶ፣ ሳሎናችን ለሦስት ቀን ገበያ መሰለ። ለመመገብ በሥሩ ሹልክ ብለን እናልፍ ነበር። ፖሊስተርም ቢሆን ይህን አያመልጥም። እርጥብ ተጠቅልሎ ከቆየ ቅቡ ይበላሻል፤ መጀመሪያ ይሸታል፣ ቀጥሎ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ በኋላ ይላጣል። ግን ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ አንድ ሰው ብቻውን ያነሳዋል።

ረቡዕ ማታ፣ ከሸራው ሥር ተቀምጠን፣ ባለቤቴን አንድ ነገር ጠየቅሁት። "ይህን በዓመት ስንት ጊዜ ነው የምናደርቀው?" ዝም አለ። ከዚያ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ዓመት ሙሉ ስናወራ ቁመቱን፣ ስፋቱን፣ ንፋሱን ቆጥረናል። ሰኞን የቆጠረ አልነበረም። በዝናብ ወቅት የምንወጣው ድንኳኑ ስለቻለ ብቻ አይደለም፤ ሰኞን ስለቻልን ነው። ካልቻልን ያ ሁሉ ጠንካራ ሸራ ደረቁን ወራት ብቻ የሚወጣ የመጋዘን ዕቃ ይሆናል።

"አንድ" የምትለዋ ቃል እዚህ ላይ ወደቀች። ሁለት ሌሊት የምናድርባቸውን ጉዞዎች ለይተን አየናቸው። ከግማሽ በላይ ናቸው። ለነሱ ሁለት ትንንሽ ጉልላት ድንኳኖች ይበቃሉ፤ በሰዓት ውስጥ ይተከላሉ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይሰቀላሉ። ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ ስንቆይ ደግሞ ትልቁ ይወጣል። ለትልቁ ጥጥና ፖሊስተር ተቀላቅሎ የተሠራ ሸራ መረጥን። ከንጹሕ ጥጥ ቀለል ይላል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ትንፋሹ ግን አልጠፋም። ወለሉ በዚፕ ይላቀቃል። ይህችን ዚፕ አቅልላችሁ አትዩአት። ወለሉና ጣሪያው ለየብቻ ሲሸከሙት ከባድ አይደለም፤ ለየብቻም ይደርቃል። የተወሰኑ ሰዎች አንድ ላይ የተሰፋ ወለል ነፍሳት አያስገባም ይላሉ። ልክ ናቸው። እኔ ግን ነፍሳቱን በመረብ እከላከላለሁ፤ ለወገቤ መረብ የለውም።

ካስማውን ረስቼ ነበር። ከድንኳኑ ጋር የሚመጣው ካስማ ብዙ ጊዜ ቀጭን ሽቦ ነው። ሌላ ረጅምና ጠንካራ አሰባሰብን። አናቱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ አዘንብሎ ነው የሚመታው። አሸዋ ላይ ካስማ አይሠራም፤ ከረጢት አሸዋ ሞልቶ ገመዱን አስሮ መቅበር ይሻላል። ከወለሉ ሥር የሚነጠፍ ላስቲክ ካላችሁ ደግሞ ከድንኳኑ ወለል ያነሰ ይሁን። ጫፉ ከወጣ የጣሪያውን ውኃ እየተቀበለ ከሥራችሁ ያጠራቅማል። ይህን እንዴት እንዳወቅሁ አትጠይቁኝ።

ባለፈው ሳምንት መጨረሻ ከአዲሱ ድንኳን ጋር አራት ሌሊት አደርን። በሁለተኛው ሌሊት ንፋሱ መጣ። ነቅቼ ግድግዳውን ጠበቅሁት። ትንሽ ተነፈሰ፣ ተመለሰ። ትልቋ ልጄ በጨለማ ውስጥ "ወደ መኪናው እንሂድ?" አለች። ተኚ አልኳት። መተንፈሻውን ዘግታዋለች።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት እንደተለመደው ዘነበ።

ይህን የምጽፈው ማክሰኞ ነው። ወለሉ ትናንት ደርቆ ተጣጥፏል። ጣሪያው ጓሮ ገመድ ላይ ነው፤ የታችኛው ጠርዝ በእጄ ስነካው ገና ቀዝቀዝ ይላል። ሁለት ሰዓት ፀሐይ ቢያገኝ ያበቃለት ነበር። ግን ወደ ምሥራቅ በኩል ደመናው ጠቁሯል። ሳይጀምር ልነሳና ላስገባው።